ከጂንካ ወደ ውጭ፦ የትኛው መንገድ "ወረቀት" ያሰጣል? የትኛውስ መጨረሻ የለውም?

ሰሞኑን በውስጥ መስመር በብዛት የሚደርሰን ጥያቄ አንድ ነው፦ "ወደ ውጭ መሄድ እፈልጋለሁ፣ የቱ ይሻለኛል?" አንዷ ሳዑዲ ትላለች፣ ሌላው ደቡብ አፍሪካ ይላል፣ ሌላው ዲቪ ይሞላል፣ "የካናዳ ፎርም አለ ተብያለሁ" የሚልም አለ። ጠያቂዎቹ የጂንካ ልጆች ብቻ አይደሉም። ከቀይ አፈር፣ ከዲመካ፣ ከቱርሚ፣ ከኦሞራቴም ይጽፉልናል።

ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ከብት ይሸጣል፣ መሬት በኮንትራት ይሰጣል፣ ዘመድ ይበደራል። ስለዚህ ጉዳዩ የአንድ ሰው ጉዞ ብቻ ሳይሆን የአንድ ቤተሰብ ሀብት ነው። ደላላው ታዲያ የሚያወራው ስለ መሄድ ብቻ ነው። ከሄድን በኋላ ምን ሆነን እንደምንኖር አይነግረንም። እኛ ዛሬ የምናወራው ስለዚያ ነው።

መጀመሪያ ሦስት ቃላት እንለይ

ብዙ ሰው "ወረቀት አገኘ" ሲባል ሁሉም ወረቀት አንድ ይመስለዋል። አይደለም።

ቪዛ፦ ወደ አንድ አገር ለመግባት የሚሰጥ ፈቃድ ነው። በር ላይ እንደሚሰጥ የመግቢያ ትኬት አስቡት። የጉብኝት ቪዛ ይዞ መሥራት አይቻልም።

የመኖሪያ ፈቃድ፦ ገብቶ ለመቀመጥ የሚሰጥ ነው። ሁለት ዓይነት አለው። ጊዜያዊው ከአንድ ነገር ጋር የታሰረ ነው፣ ከአሠሪ፣ ከትምህርት ወይም ከትዳር ጋር። ያ ነገር ሲቋረጥ ፈቃዱም ይቋረጣል። ቋሚው ግን ከአሠሪ ጋር አይታሰርም። የአሜሪካ ግሪን ካርድ የዚህ ዓይነት ነው።

ዜግነት፦ የዚያ አገር ሰው መሆን ነው። መምረጥ ይቻላል፣ ፓስፖርት ይወጣል፣ በቀላሉ አይባረሩም።

እንግዲህ ማንኛውንም መንገድ ስትመርጡ የምትጠይቁት ይህ ነው፦ ይሄ መንገድ ከቪዛ ወደ ቋሚ መኖሪያ፣ ከዚያም ወደ ዜግነት ይወስዳል ወይስ መሀል ላይ ይቆማል? አሁን አንድ በአንድ እንያቸው።

1. ዓረብ አገር፦ ሥራ አለው፣ ዜግነት የለውም

ከእኛ አካባቢ በተለይ እህቶቻችን በብዛት የሚያስቡት ይሄን መንገድ ነው። ሕጋዊ ሆኖ መሄድ ይቻላል። ግን ምን እንደሆነ አውቆ መሄድ ያስፈልጋል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ በሊባኖስና በጆርዳን የቤት ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃድ (ኢቃማ የምንለው) ከአሠሪው ጋር የታሰረ ነው። ይሄን አሠራር "ከፋላ" ይሉታል። ከአሠሪው ቤት የወጣች ልጅ አሠሪው "ጠፍታለች" ብሎ ካመለከተ ሕገወጥ ትሆናለች። በሳዑዲ "ሁሩብ" የሚባለው ይሄ ነው። ሳዑዲ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ሠራተኛ አሠሪ እንዲቀይር የሚያቀል ማሻሻያ አድርጋ ነበር፣ የቤት ሠራተኞች ግን በዚያ ውስጥ አልተካተቱም።

"ብዙ ዓመት ከኖርኩ ዜግነት ይሰጡኛል?" ለሚለው መልሱ፦ አትጠብቁት። ሃያ ዓመት የሠራችም ኮንትራቷ ሲያልቅ ወደ አገሯ ትመለሳለች። ሳዑዲ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ለውጭ ዜጋ ቋሚ መኖሪያ መሸጥ ጀምራለች፣ ዋጋው ግን 800,000 ሪያል ነበር። ለማን እንደታሰበ ዋጋው ራሱ ይናገራል።

ስለዚህ ዓረብ አገር የሚሄድ ሰው ዕቅዱ መሆን ያለበት ሠርቶ፣ ቆጥቦ መመለስ ነው። እዚያው ለመቅረት ብሎ የሚሄድ ከመነሻው ተሳስቷል። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ወረቀት የላቸውም ያለቻቸውን ስታስወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። ብዙዎቹ የለበሱትን ብቻ ይዘው ነው ቦሌ የወረዱት። በዚያው ዓመት መንግሥት ጉዞውን አገደ፣ እገዳው የተነሳው በ2010 ነው።

ሕጋዊው መንገድ እንዲህ ነው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 (በ2013 በአዋጅ 1246 የተሻሻለው) አለ። በአዋጁ መሠረት፦

- ዕድሜ ከ18 ዓመት በላይ መሆን አለበት። ዕድሜ ጨምሮ ፓስፖርት ማውጣት ልጅቷን ከሕግ ጥበቃ ያስወጣታል።
- ሥልጠና ወስዶ የብቃት ማረጋገጫ (ሲኦሲ) ማግኘት ያስፈልጋል።
- የሚኬደው ኢትዮጵያ የሁለትዮሽ ስምምነት ወደፈረመችበት አገር ነው።
- ኮንትራቱን ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ማጽደቅ አለበት።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ደላላም እንድታውቁት የማይፈልገው ነገር። የቪዛ ክፍያ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራ ፈቃድ፣ የመኖሪያ ፈቃድና የኢንሹራንስ ወጪ በአሠሪው ይሸፈናል። ሠራተኛዋ የምትከፍለው ለፓስፖርት፣ ለሕክምና ምርመራ፣ ለክትባት፣ ለልደት ሰርተፍኬት፣ ከወንጀል ነጻ ለሚል ማስረጃና ለብቃት ምዘና ነው። ስለዚህ አንድ ሰው "ለቪዛና ለትኬት" ብሎ ገንዘብ ከጠየቃችሁ፣ ወይ ሕጉን እየጣሰ ነው ወይ ቪዛው የለም።

2. ደቡብ አፍሪካ፦ ወረቀቱ የሚታደስ ስጋት ነው

ወንዶቹ በብዛት የሚያስቡት ይሄን ነው። መንገዱ በሞያሌ ኬንያ፣ ከዚያ ታንዛኒያ፣ ማላዊ ወይም ዛምቢያ፣ ሞዛምቢክ ወይም ዚምባብዌ እያለ ይቀጥላል። ከሆሳዕናና ከዱራሜ አካባቢ የቆየ ልምድ ነው፣ አሁን ወደ እኛም እየመጣ ነው።

የመንገዱን ነገር በሁለት ቀን ብቻ እናስታውስ። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ሲከፈት የ64 ኢትዮጵያውያን አስከሬን ተገኘ። በሕይወት የተገኙት 14 ነበሩ። ሌሎቹ ታፍነው ነው የሞቱት። ታኅሣሥ 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ ዛምቢያ ሉሳካ ዳር መንገድ ላይ 27 አስከሬን ተጥሎ ተገኘ፣ ፖሊስ ኢትዮጵያውያን ሳይሆኑ አይቀሩም አለ።

እሺ፣ በሰላም ደረሰ እንበል። ከዚያስ? አብዛኛው ሰው ጥገኝነት ይጠይቃል። የሚሰጠው የጥገኝነት ጠያቂ ወረቀት ነው፣ በየጊዜው ይታደሳል። ይሄ ወረቀት መኖሪያ ፈቃድ አይደለም። "ጉዳይህ እየታየ ነው" የሚል ብቻ ነው። ጉዳዩ ታይቶ "ስደተኛ ነህ" ከተባለ ሌላ ወረቀት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሕግ ደግሞ ያ ሰው ቋሚ መኖሪያ ለመጠየቅ በስደተኝነት 10 ዓመት መቆየት አለበት። ድሮ 5 ነበር።

ከዚህ በላይ ዋናው ችግር ጥገኝነት ለምን እንደሚሰጥ ነው። ጥገኝነት የሚሰጠው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በፖለቲካ አቋሙ ወይም በጦርነት ምክንያት አገሩ መኖር ላልቻለ ሰው ነው። "ሥራ አጣሁ" የጥገኝነት ምክንያት አይሆንም። ውድቅ የተደረገ ሰው ከአገር እንዲወጣ ይታዘዛል። ሱቁም ቢሆን ዋስትና የለውም፣ እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2015 በውጭ ዜጎች ላይ በተነሳው ጥቃት የኢትዮጵያውያን ሱቆች ተዘርፈዋል፣ ተቃጥለዋል።

3. ኬንያ፦ መግባት ቀላል፣ መሥራት ሌላ

ኦሞራቴን የሚያውቅ ሰው ኬንያ ሩቅ እንዳልሆነች ያውቃል። ዳሰነች ወገኖቻችን በሁለቱም አገር አሉ፣ ከብትም ሰውም ይሻገራል። ኢትዮጵያዊ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም፣ ፓስፖርት ይዞ እስከ 90 ቀን መቆየት ይችላል። ቁም ነገሩ ግን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ማህተም ያስፈልጋል። ኦሞራቴ ላይ የመውጫ ማህተም ቢመታም በኢሌሬት በኩል ለረጅም ጊዜ የመግቢያ ማህተም የሚሰጥ ቢሮ ስላልነበረ መንገደኞች ናይሮቢ ሄደው ነበር የሚያስመቱት። ማህተም የሌለው ሰው ፓስፖርት ቢኖረውም ሕገወጥ ተብሎ ሊታሰር ይችላል። ሁለተኛ፣ ያለ ቪዛ መግባት ማለት መሥራት ማለት አይደለም። ለሥራ የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል።

4. ዲቪ፦ ቀጥታ ወደ ቋሚ መኖሪያ የሚያስገባ፣ አሁን ግን በሩ ተዘግቷል የተባለ

ከሁሉም መንገድ ዲቪን የሚለየው ይሄ ነው፦ ያሸነፈና ቪዛ ያገኘ ሰው አሜሪካ ሲገባ ወዲያው ቋሚ ነዋሪ ይሆናል። ከ5 ዓመት በኋላ ደግሞ ዜግነት መጠየቅ ይችላል። ባልና ሚስት፣ ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ያላገቡ ልጆችም አብረው ይሄዳሉ።

ግን ልብ በሉ። በዓመት የሚሰጠው ቪዛ ከፍተኛው 55,000 ሲሆን የሚመረጠው ሰው ግን ከ100,000 ይበልጣል። ስለዚህ "ዲቪ ደረሰኝ" ማለት ወረፋ ያዝኩ ማለት ነው እንጂ ቪዛ አገኘሁ ማለት አይደለም። የ12ኛ ክፍል ማጠናቀቂያ ወይም ሥልጠና በሚጠይቅ ሙያ የ2 ዓመት የሥራ ልምድ ያስፈልጋል። ቃለ መጠይቁ አዲስ አበባ ኤምባሲ ነው፣ በአንድ ሰው 330 ዶላር ይከፈላል። ቪዛው ደግሞ እ.ኤ.አ. መስከረም 30 የበጀት ዓመቱ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል።

አሁን ደግሞ ትኩስ ጉዳይ። የአሜሪካ መንግሥት በታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. የዲቪ ፕሮግራሙን ለጊዜው ማቆሙን አስታውቋል። ከጥር 13 ቀን 2018 ጀምሮ ደግሞ ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ75 አገሮች ዜጎች የኢሚግራንት ቪዛ መስጠት እንዲቆም ተደርጓል። ይሄ ውሳኔ ሊነሳ ይችላል፣ ሊቆይም ይችላል። ስለዚህ ዛሬ አንድ ሰው "ዲቪ እሞላልሃለሁ፣ ኮንፈርም አደርግልሃለሁ" ብሎ ገንዘብ ቢጠይቃችሁ መጀመሪያ "ምዝገባ ተከፍቷል ወይ? የት ነው የታወጀው?" በሉት።

ምዝገባው ለዓመታት በነጻ ነበር፣ በጥቅምት 2018 ግን 1 ዶላር እንዲከፈል ተደነገገ። ሁልጊዜም የሚሞላው በአሜሪካ መንግሥት ድረ ገጽ ብቻ ነው፣ አድራሻው "ነጥብ ጎቭ" ብሎ ያልቃል። አሸናፊ በኢሜይል ወይም በስልክ አይነገረውም፣ ራሱ ገብቶ በኮንፈርሜሽን ቁጥሩ ያያል። እዚህ ላይ አደራ፦ ኢንተርኔት ቤት ካስሞላችሁ የኮንፈርሜሽን ወረቀቱን ይዛችሁ ውጡ። ቁጥሩ ሞይው ጋ ብቻ ከቀረ፣ ዕድላችሁ ሲደርስ ቁጥሩን በገንዘብ ሊሸጥላችሁ ወይም የማታውቁትን ሰው "ባል" ወይም "ሚስት" አድርጉ ሊላችሁ ይችላል። የሐሰት ጋብቻ ከታወቀ ደግሞ ከአሜሪካ ለዘለቄታው ሊያሳግድ ይችላል።

5. በቤተሰብ፣ በትምህርትና በሙያ

በቤተሰብ፦ የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ሰው ለትዳር ጓደኛው፣ ለልጁ፣ ለእናት አባቱ እና ለወንድም እህቱ ማመልከት ይችላል። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ግን ለትዳር ጓደኛውና ላላገቡ ልጆቹ ነው። ለወንድምና እህት ወረፋው ከአሥር ዓመት ያልፋል። የአጎት ልጅ፣ የክርስትና ልጅ፣ "እንደ ልጄ ነው ያሳደግኩት" በዚህ ውስጥ አይገቡም።

በትምህርትና በሙያ፦ ይሄ ለጂንካ ዩኒቨርሲቲና ለቴክኒክና ሙያ ተመራቂዎች የሚሆን ነው፣ ከሁሉም ያነሰ የሚወራለትም እሱ ነው። ለምሳሌ ጀርመንን እንውሰድ። ለተማሪ ቪዛ በዓመት 11,904 ዩሮ በዝግ አካውንት አሳይ ይላል፣ ስኮላርሺፕ ያለው ሰው ይሄ አያስፈልገውም። ተምሮ ጨርሶ ሥራ ያገኘ ሰው ቋሚ መኖሪያ መጠየቅ ይችላል። ዜግነትም በ5 ዓመት መጠየቅ ይቻላል፣ ቋንቋውን ካወቀና ራሱን ከቻለ። ረጅም ነው፣ ግን እያንዳንዱ እርምጃ ወደሚቀጥለው ያደርሳል። ለደላላ የሚከፈለው ገንዘብ ለቋንቋ ትምህርትና ለፈተና ቢውል ብዙ መንገድ ይወስዳል።

6. "የካናዳ ፎርም"፣ "የዩኤን ፎርም"

ይሄንን በአጭሩ። የስደተኞች መልሶ ማስፈር ለስደተኛ ነው። ስደተኛ ማለት ደግሞ ከአገሩ ውጭ ያለ ሰው ነው። አገሩ ውስጥ፣ ጂንካ ቤቱ የተቀመጠ ኢትዮጵያዊ በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን በኩል ካናዳ አይሄድም። ካናዳ ያሉ ሰዎች በስፖንሰር የሚወስዱትም ከአገሩ የወጣ ስደተኛን ነው። የኮሚሽኑ አገልግሎት በሙሉ ነጻ ነው፣ ፎርም የሚሸጥ ሰው ካገኛችሁ አጭበርባሪ ነው። አለቀ።

የኢትዮጵያ ዜግነታችንስ?

ሁለት ነገር ብዙ ሰው ያምታታዋል።

አንደኛ፣ የሌላ አገር ዜግነት መውሰድ። በኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በራሱ ፈቃድ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን ያጣል። ጥምር ዜግነት የለንም። ግሪን ካርድ ብቻ የያዘ ሰው ግን አሁንም ኢትዮጵያዊ ነው። ዜግነት የቀየረ ሰው በአዋጅ 270/1994 መሠረት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ (ቢጫ ካርድ) ማውጣት ይችላል። በሱ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል። መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም፣ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶችም አይቀጠርም።

ሁለተኛ፣ ዓረብ አገር የተወለዱ ልጆች። ይሄ ልብ የሚነካ ጉዳይ ነው። ልጅ ይዘው የሚመለሱ እህቶች "አባቱ አይታወቅም፣ ወረቀት የለውም፣ ልጄ የማን ዜጋ ነው?" ይላሉ። ሕጉ ግልጽ ነው፦ ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ልጁ ኢትዮጵያዊ ነው። እናቱ ትበቃለች። የትም ይወለድ። ልጁን ማስመዝገብና የልደት ሰርተፍኬት ማውጣት መብት ነው። ቀበሌ ላይ "አባቱን አምጪ" ብሎ የሚመልሳት ካለ ይህን አዋጅ ጠቅሳ ትጠይቅ፣ ካልሆነም ወደ ወረዳው ትሂድ።

ከየትኛውም መንገድ በፊት፦ እዚሁ የሚሠራ የቤት ሥራ

ደቡብ ኦሞ ውስጥ ብዙ ወጣት መጀመሪያ የሚቸገረው በቪዛ አይደለም፣ በልደት ሰርተፍኬት ነው። የተወለደበት ቀን አልተመዘገበም፣ ስሙ በትምህርት ማስረጃው ላይ አንድ፣ በቀበሌ መታወቂያው ላይ ሌላ ነው። የአያት ስም ይለያያል። የበና፣ የሐመር፣ የአሪ ወይም የኛንጋቶም ስም በአማርኛ ሲጻፍ አንድ ፊደል ይቀየራል፣ ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር ደግሞ ሌላ ይሆናል። ኤምባሲ ፊት ግን አንድ ፊደል ሁለት ሰው ያደርጋል። ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል ጀምሩ፦

- የልደት ምዝገባና ሰርተፍኬት። ትክክለኛ ዕድሜ ይጻፍ።
- የታደሰ የቀበሌ መታወቂያና ፋይዳ። ስሙ ከትምህርት ማስረጃው ጋር በፊደል አንድ ይሁን። ልዩነት ካለ አሁን አስተካክሉ።
- ፓስፖርት። ማመልከቻው በኦንላይን ነው። በነሐሴ 2016 በወጣው ተመን መደበኛው 5,000 ብር ነው፣ አስቸኳዩ ከ20,000 ይጀምራል። ሳትቸኩሉ ካወጣችሁት ልዩነቱ ቀላል አይደለም።
- የሁሉንም ኮፒ ቤት ለምታምኑት ሰው ትታችሁ ሂዱ።

ለደላላው አራት ጥያቄ

ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት፣ ቤተሰብ ባለበት፣ እነዚህን ጠይቁት፦

1. የምሄደው በምን ዓይነት ቪዛ ነው? የሥራ ነው የጉብኝት?
2. እዚያ ስደርስ የሚሰጠኝ የመኖሪያ ፈቃድ ከማን ጋር የታሰረ ነው?
3. ኮንትራቱ የት አለ? የፈቃድ ቁጥርህስ? (ኤጀንሲ ፈቃድ ያለው መሆኑን ከሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ማጣራት ይቻላል።)
4. ለምትቀበለው ገንዘብ ደረሰኝ ትሰጠኛለህ?

አራተኛው ላይ ብዙዎቹ ይናደዳሉ። ከተናደደ መልሱን አግኝታችኋል።

የተጭበረበረ ሰው ደግሞ አፍሮ ዝም አይበል። በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 በሰው መነገድና ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር ማሻገር ከባድ ወንጀል ነው። ተጎጂ ሆኖ ለፖሊስ ማመልከት ይቻላል። ገንዘቡ ባይመለስ እንኳ የሚቀጥለው ቤተሰብ ከብቱን አይሸጥም።

እኛ ሂዱም አትሂዱም አንልም። ሰው የሚሄደው ምክንያት ስላለው ነው። የምንለው፣ በሬ ሲገዛ ጥርሱን አይቶ የሚገዛ ቤተሰብ ልጁን ሲልክም መንገዱን አይቶ ይላክ ነው።

ጥያቄ ያላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ስማችሁ እንዲታወቅ ካልፈለጋችሁ በውስጥ መስመር ላኩልን። ቤት ውስጥ "ልሄድ ነው" የሚል ሰው ካለ ይሄን አንብቡለት። ማንበብ ለማይችሉ እናት አባቶች ደግሞ በየቋንቋችሁ ንገሯቸው፣ ከብቱን የሚሸጡት እነሱ ናቸውና።